ጥፍር ታህል

መካኒኩ የጭነት መኪናውን የናፍጣ ፖምፓ ያዞረው ጥፍር ታህል ነው። ብሎኖቹን አላላ፣ የፖምፓውን ወገብ በሁለት እጁ ጨብጦ ገፋ አደረገው፣ መልሶ አጠበቀ። ከዚያ ጣቱን ግራሶ ውስጥ ነከረና አባቱ በመሮ የቀረጸውን ምልክት ለቀለቀው። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቀና ሲል፣ ታናሽ እህቱ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይዛ መንገዱን ስትሻገር አያት።

“ጨረስክ እንዴ ጋሽዬ?”

“ጨረስኩ። ቫልቮቹን ነካ ነካ አደረግኳቸው እንጂ ብዙም ሥራ አልነበረውም።”

“እጅህን ይባርከው!” አለችና ስኳር የበዛበትን ብርጭቆ መርጣ ለእሱ ሰጠችው።

ያ ሻይ እስካሁን ጉሮሮው ላይ እንደቆመ ነው።

የናፍጣ ሞተር ነገሩ ሁሉ ጊዜ ነው። ፒስተኑ አየሩን አምቆ ጫፍ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ፖምፓው ናፍጣውን መላክ አለበት። ከቀደመ ሞተሩ ድንጋይ የዋጠ ይመስል ይንኳኳል። ከዘገየ ደግሞ ናፍጣው በቅጡ ሳይቃጠል በጭስ ማውጫው ይወጣል፣ ጉልበት ይከዳል፣ ሞተሩ ይግላል። አባትየው ልኩን ያገኘ ዕለት ከፖምፓው ጠርዝ እስከ ሞተሩ አካል የሚዘልቅ አንድ ቀጭን ጭረት የቀረጸው ለዚህ ነው። ፖምፓው ወርዶ ሲመለስ የጭረቱ ሁለት ግማሾች አፍ ለአፍ ከገጠሙ ጊዜው ልክ ነው ማለት ነው። አሁን አይገጥሙም። መካኒኩ ጊዜውን አዘግይቶታል፤ ያዘገየውም ሆነ ብሎ ነው።

መኪናው የአባታቸው ነበር። አፍንጫው ወደ ፊት የወጣ፣ በሮቹ ሲዘጉ ቤት የሚያነቃንቁ የድሮ የጭነት መኪና ነው። ቤተሰቡ “ሽማግሌው” ይለዋል። አባትየው ሲያርፍ መሪውን ታላቅየው ልጅ ይይዛል ብሎ ያልጠበቀ አልነበረም። እሱ ግን “እኔ ጋራዥ አለኝ” ብሎ ሸሸ። ከልጅነቷ ጀምሮ ጋቢና ውስጥ ያደገችው እህቱ መንጃ ፈቃዷን አውጥታ ወጣችበት። “እዚያ ቤት ፈጣሪ ሲያድል እጁ ተምታቶበት ነው” ይላሉ ጎረቤቶቻቸው። “ወንዱን ከመኪና ሥር፣ ሴቷን ከመሪ ኋላ!” እሷ ትስቃለች። እሱም አብሮ ይስቃል።

እናታቸው አትስቅም። ልጇ ሲሚንቶ ጭና የተራራውን መስመር በወጣች ቁጥር ዱካዋን አውጥታ የግቢው በር ላይ ትቀመጣለች። ሹራብ ትይዛለች፤ አትሠራውም። የሽማግሌው ድምፅ ከመታጠፊያው እስኪሰማ ድረስ ከዚያ ንቅንቅ የለም። አንድ ቀን መካኒኩን ቀና ብላ አየችና፣

“አንተ መካኒክ አይደለህ? የሆነ ነገር አላልተህ እዚሁ ከተማ አታስቀርልኝም?” አለችው።

ብላም ራሷ በራሷ ነገር ፈገግ አለች። ቀልድ ነበር። ቀልዱን ወደ ጋራዥ ይዞት የሄደው እሱ ነው።

“እናቴ ናት ያለችኝ” ሊል እንደማይችል ያውቃል። ፍርሃቱም የእናቱ ብቻ አልነበረም። ጎረምሳ ሳለ ለአባቱ ረዳት ሆኖ ያንኑ ተራራ ወጥቶ ነበር። ዳገቱ መሀል መኪናው ወደ ኋላ መንሸራተት ሲጀምር አባቱ “ድንጋይ! ጎማው ሥር ድንጋይ!” ብሎ ጮኸ። ጎረምሳው ከጋቢናው ዘለለ። ድንጋዩን ግን አላነሳም። መንገዱ ዳር ሄዶ ሁለት እጁን አፉ ላይ ጭኖ ቆመ። አባቱ እንደምንም መኪናውን ከተራራው ግድግዳ ጋር አስደግፎ አቆመው፤ ወርዶ ድንጋዩን ራሱ አደረገ። ስለዚያ ነገር ለማንም አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ለልጁም ቢሆን። ቢቆጣው ኖሮ ይቀለው ነበር። መካኒኩ ከዚያ ወዲህ ያንን መንገድ ረግጦት አያውቅም።

ሒሳቡ ቀላል ነበር። ሽማግሌው ይደክማል። መኪኖቹን በየመስመሩ የሚመድበው ስምሪት ክፍል ደካማ መኪና ተራራ አይልክም። እህቱ ከተማ ውስጥ አሸዋ እያመላለሰች ማታ ማታ ቤቷ ትገባለች፣ የእናቷም ዱካ ወደ ቤት ይመለሳል። መኪናው ይደክማል እንጂ አይሰበርም፤ እሱን በደንብ አስቦበታል። ያላሰበው ስለ እህቱ ነው።

እሷ እንደሆነች እጅ መስጠት የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። ሽማግሌው ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ እየተፋ ከኋላ ያለውን ሁሉ ሲያስል ሹፌሮቹ “ጭሴ” የሚል ስም አወጡላት።

“እህቴ፣ ማድ ቤት ነው እንዴ የምትነጂው?” ይሏታል እየቀደሟት በመስኮት።

“አዎ! ና ሽንኩርት ላጥልኝ!” ትላቸዋለች።

ረዳቷ ግን ቀልዱ አልጣመውም፤ ሌላ መኪና አግኝቶ ሄደ። እሷም ከጉዞ በተመለሰች ቁጥር ጋራዡ ደጃፍ ላይ ትቆማለች።

“ጋሽዬ፣ እግሬ ይሆን እንዴ? ነዳጁን አብዝቼበት ይሆን?”

“አርጅቷል እኮ። ለምን አሸዋ አትሞክሪም?”

“አባዬ ‘እግርሽ ላባ ነው’ ይለኝ ነበር። አሁን ምን ነካኝ?”

ይኼኔ እሱ ወይ ቁልፍ ይወድቅበታል፣ ወይ የሚፈልገው ብሎን ከመኪና ሥር ይሆናል። እሷ ጫማዋን አውልቃ በካልሲ መንዳት ጀመረች፣ መርገጫው ይበልጥ እንዲሰማት ብላ። ጫማዎቿ ጋቢናው ወለል ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ባየ ቁጥር ፊቱን ያዞራል። ዛሬ እመልሰዋለሁ ይላል። ከዚያ ቤት ሲገባ እናቱን ዱካዋ ላይ ያገኛታል። እንግዲያው ነገ ይላል።

እንዲህ ነገ ነገ ሲል ጋሽ ጡሩምባ መጣ። ጋሽ ጡሩምባ የአባታቸው የመንገድ ጓደኛ ነው። ይህን ስም ያተረፈው ጡሩምባ ሳይነፋ መታጠፊያ ስለማያልፍ ነው፤ ሲያወራም ያው ነው።

“አንተ ባለሞያ!” አለ ገና ከበሩ። “እህትህን የማትመክራት ለምንድን ነው?”

“ምን አደረገች?”

“ምን አላደረገችም በለኝ! እኛን ላለማዘግየት ብላ ብቻዋን ቀድማን ትወጣለች እኮ። የእኛ የመኪኖች ሰልፍ ጎህ ሲቀድ ነው የሚነሳው፤ እሷ በድቅድቅ ጨለማ። ረዳት የላት፣ ከኋላዋ የሚከተላት የለ። ዳገቱ መሀል ቢንሸራተትባት ድንጋይ የሚያደርግላት ማን ነው? እስቲ ንገረኛ!”

መካኒኩ አንድ የብሎን ዳዶ በቁልፍ እያጠበቀ ነበር። ጠብቆ ካለቀ በኋላም አጠበቀው።

“ለነገሩ ስምሪት ክፍሉ መላ አበጅቷል” አለ ጋሽ ጡሩምባ፣ ድምፁን ዝቅ ለማድረግ እየሞከረ። “ነገ ከሰልፉ ጋር ትውጣ፣ ወደ ኋላ ከቀረች ከመስመሩ ትሰረዛለች ተብሏል። አንጀቴን በላችው። ምን ዋጋ አለው፣ አባትህ ይህን ሳያይ ሄደ።”

አመሻሹ ላይ እሷ ራሷ መጣች። ቱታዋ ሲሚንቶ በሲሚንቶ ነው። ደጃፉ ላይ አልቆመችም፤ ገብታ ያረጀ ጎማ ላይ ተቀመጠች።

“መቼም ሰምተሃል። ነገ ከቀረሁ ሽማግሌውን ሌላ ሹፌር ይያዘው። ለእማዬም እሱ ይሻላታል።” ከቱታዋ ላይ ሲሚንቶውን አራገፈች። “ጥፋቱ የመኪናው አይደለም ጋሽዬ። የእኔ ነው። አባዬ ያሳየኝን ሁሉ እጄ ላይ ገደልኩት። አንድ ነገር ብቻ አድርግልኝ። አብረኸኝ ውጣና እግሬን እይልኝ። የቱ ጋ እንደምሳሳት ልወቅና ልተወው።”

የፈለገው ሁሉ ይኸው ሆነለት። ዝም ብሎ “ተይው በቃ” ቢላት ያልቅ ነበር። የእናቱም ዱካ ወደ ቤት ይገባ ነበር። እሱ ግን ጎማው ላይ የተቀመጠችውን እህቱን ሲያይ ደስታ የሚባል ነገር ውስጡ አላገኘም።

“እመጣለሁ” አለ።

በዚያው ማታ ሊመልሰው አስቦ ነበር፤ ሽማግሌው ግን ጭነቱን ይዞ መጫኛው ግቢ ተቆልፎበታል። ጠዋት ሲመጣ የመሣሪያ ሳጥኑን ተሸክሞ መጣ።

“ይኼ ሁሉ እግር ለማየት ነው?” አለች ሳጥኑን አይታ።

“ልማድ ነው” አላት።

ሰልፉ ተነሳ። ሜዳው ላይ ሽማግሌው ከሌሎቹ ጋር እኩል ሄደ። ዳገቱ ሲጀምር ድምፁ ተለወጠ። ሌላ ሰው ሞተሩ ደከመው ይላል፤ ለመካኒኩ ግን እያንዳንዱ ምት ሰዓቱ ካለፈ በኋላ የሚደርስ፣ ተናግሮ የሚያፍር ሰው ድምፅ ነበር። የራሱን እጅ ሥራ እየሰማ ነው።

እህቱን አየ። እግሯ መርገጫው ላይ እንዳረፈ አይታወቅም። ማርሽ የምትቀይረው ሞተሩ ሳይለምናት ነው፣ አንድም ጊዜ ጥርስ አልፋጨችም። ጉድጓዱን ከሩቅ አይታ፣ መንገዱ ላይ ያለውን ቦታ ሁሉ ተጠቅማ፣ ጭነቱን እንደ ተኛ ሕፃን ይዛ ትታጠፋለች። ስህተት ፈለገ። ከልቡ ፈለገ፤ ቢያገኝ ትንሽ ይቀለው ነበር። አንድም የለም። እሱ ዕድሜውን ሁሉ ቢለማመድ እንዲህ አይነዳም። ያን ጊዜ ነው ሌላ ነገር፣ ከፍርሃቱ ሥር የተኛ፣ ሲንቀሳቀስ የተሰማው። ምናልባት ስጋት ብቻ አልነበረም። ምናልባት እሱ ያልወጣበትን ተራራ እሷ ስትወጣ ማየቱ ከብዶት ኖሯል።

“እ? አየኸው?” አለች ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሳ።

“እስካሁን ደህና ነው።”

“አትሸፋፍንልኝ። እግዜር ያሳይህ፣ ሁሉም እየቀደሙን ነው።”

አንድ በአንድ ቀደሟቸው። መጨረሻ ላይ ጋሽ ጡሩምባ ጡሩምባውን ነፋና እጁን በመስኮት አውጥቶ አወዛወዘ። የሰላምታ ይሁን የስንብት አይለይም። የሞተሩ ሙቀት መለኪያ ቀስት ወደ ቀዩ ተጠጋ። እህቱ ከአንድ መታጠፊያ በላይ መንገዱ ሰፋ ያለበት ቦታ ይዛ ቆመች፣ የእጅ ፍሬኑን ሳበች።

“ድንጋይ” አለች፤ ቃሉ ከአፏ የወጣው ጨው አቀብለኝ እንደሚባለው ነው።

መካኒኩ ወረደ። አንድ ትልቅ ድንጋይ አቅፎ ከኋላ ጎማው ሥር አደረገ፣ ሌላም ጨመረ፣ ሌላም። አያስፈልግም ነበር።

“ኧረ ይበቃል፣ ቤት ልትሠራበት ነው?” ሳቀችና ጄሪካኗን አነሳች። “ከታች ምንጭ አለ። ደንበኛ ሆኛለሁ።”

እሷ ቁልቁል ስትወርድ ኮፈኑን ከፈተ። ሙቀቱ ፊቱን መታው። በጨርቅ ግራሶውን ጠረገው። የአባቱ ጭረት ተሰብሮ ታየ፤ ግማሹ እዚህ፣ ግማሹ እዚያ፣ መሀሉ ጥፍር ታህል። ቁልፉን የመጀመሪያው ብሎን ላይ ሰካ። ቢፈጥን እሷ ሳትመለስ ያልቃል። ጭረቱን ያጋጥማል፣ ያጠብቃል፣ “የናፍጣ ማጣሪያው ቆሽሾ ኖሯል” ይላታል። ሽማግሌው ዳገቱን ይወጣል። እሷም ታመሰግነዋለች። ሻይ ታመጣለታለች፣ ስኳር የበዛበትን መርጣ።

ቁልፉ እንደተሰካ ቀረ።

“እሱን እኮ ልጠይቅህ እያልኩ እየረሳሁ!” ድምፅዋ ከኋላው መጣ። ጄሪካኑ ከትከሻዋ ላይ ነው፣ ዓይኗ ጭረቱ ላይ። “ሞተሩን ሳጥብ ግራሶው ለቀቀና አየሁት። የአባዬ ጭረት አይገጥምም። መጀመሪያ ደነገጥኩ። ኋላ ግን ‘ጋሽዬ ነክቶት ከሆነ ምክንያት ይኖረዋል፣ ለሞተሩ ዕድሜ አስቦ ነው’ አልኩና ተውኩት። ግራሶውንም መልሼ ቀባሁት። ዝገት እንዳይበላው ያደረግከው መስሎኝ።”

መካኒኩ ቁልፉን ከብሎኑ ነቀለ። እሱ የደበቀውን እሷ በገዛ እጇ መልሳ ሸፍናለታለች።

“ለሞተሩ ብዬ አይደለም” አለ።

“እ?”

“ለሞተሩ አይደለም። ጊዜውን አዘግይቼው ነው። ጉልበት እንዲያጣ። ይህን መንገድ እንዳትወጪ ብዬ።”

ጄሪካኑን ቀስ ብላ አወረደችው። ጭረቱን አየች፣ እሱን አየች፣ እንደገና ጭረቱን።

“መቼ?”

“ሻይ ያመጣሽልኝ ዕለት።”

“እማዬ ታውቃለች?”

የእናቱ ቀልድ ምላሱ ጫፍ ላይ መጣ። ዋጠው። “አታውቅም። እኔ ነኝ።”

ብትጮህ ይሻለው ነበር። ድንጋይ ብትወረውርበት፣ ድንጋይ እንደሆነ ሞልቷል። እሷ ግን ኮፈኑ ጠርዝ ላይ እጇን አሳረፈች። ሞተሩ ሲበርድ ቀጭ ቀጭ ይላል።

“በል መልሰው” አለች በመጨረሻ።

ቁልፉን ያዘ። “ጭረቱን ሳጋጥመው...”

“በጭረቱ አይደለም። በጠብታ። እኔም እያየሁ።”

በጠብታ መሥራት ጊዜ ይበላል፣ ሁለት ሰውም ይፈልጋል። መካኒኩ የመጀመሪያውን ሲሊንደር ቧንቧ ፈታ፣ ከፖምፓው መውጫ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ቫልቭ ከነስፕሪንጓ አወጣ፣ በቦታው አባቱ ያጎበጣትን አንገተ ቆልማማ ቧንቧ አሠረ። ከዚያ በኋላ ነገሩ እንዲህ ነው። ፖምፓው ላይ ያለው የእጅ መግፊያ ሲገፋ ናፍጣው በቧንቧዋ ይወርዳል። ሌላው ሰው ከፊት ሆኖ ሞተሩን በትልቅ ቁልፍ ቀስ እያለ ያዞራል። የሚወርደው ናፍጣ ይቀጥናል፣ ጠብታ ይሆናል፣ ይቆማል። ጠብታው የቆመባት ቅጽበት ፖምፓው መርጨት የሚጀምርባት ናት፤ ያኔ ከሞተሩ ፊት ቀበቶ የሚያዞረው ፑሊ ላይ ያለው ምልክት ሞተሩ ላይ ካለው ጠቋሚ መርፌ ትይዩ መሆን አለበት። ግን ጠብታውን የሚያይ ምልክቱን አያይም። ምልክቱን የሚያይ ጠብታውን አያይም። አንዱ “ቁም” ሲል ሌላው ማመን ነው።

እሱ እንደ ልማዱ ወደ ጠብታው ጎንበስ አለ።

“አይሆንም” አለች። “ጠብታውን እኔ ነኝ የማየው።”

ቦታ ተለዋወጡ። መካኒኩ ከመኪናው አፍንጫ ሥር ተንበርክኮ ሞተሩን አዞረ። ከላይ ድምፅዋ ብቻ ይሰማዋል።

“ይወርዳል... ይወርዳል... ቀጠነ... ቀስ በል... ጠብታ... ጠብታ... ቁም!”

“ምልክቱን አልፏል” አለ።

“ቆይ።” ወርዳ ምልክቱን ራሷ አየችው። “አዎ፣ አልፏል።” ተመልሳ ወጣች።

ፖምፓውን ትንሽ ያዞራሉ፣ ሞተሩን ወደ ኋላ መልሰው እንደገና ያመጡታል፣ እሷ “ቁም” ትላለች፣ ትወርዳለች፣ ታያለች፣ ትወጣለች። በየጊዜው እየወረደች አየች። እሱ አንድም ጊዜ “እመኚኝ” አላላትም፤ ያን ቃል የሚያወጣበት አፍ አልነበረውም። ጠብታውና ምልክቱ አንድ ላይ ሲውሉ ወደ ጭረቱ ተመለከቱ። አሁንም አልገጠመም። ፖምፓው የአባታቸውን ምልክት በትንሹ ወደዚያ አልፎታል።

“አባዬ ተሳስቶ ነበር?”

“አልተሳሳተም። ፖምፓውን የሚያዞሩት ማርሾች ጥርስ በሥራ ብዛት ተበልቷል። በእሱ ጊዜ ልክ ነበር።”

እህቱ እጇን ዘረጋች። “መሮና መዶሻ።”

ሰጣት። ከአባቷ ጭረት አጠገብ፣ ከፖምፓው ጠርዝ እስከ ሞተሩ አካል፣ ሌላ ጭረት ቀረጸች። የእሷ እንደ አባቷ ቀጥ አላለም፣ አንድ ቦታ ላይ ተንገዳገደ። እሱ እጁን ሊያግዛት አነሳና መልሶ አወረደው።

“ከዛሬ ጀምሮ ይህ ብሎን የሚፈታው እኔ ባለሁበት ነው።”

“እሺ።”

“አንተም ብትሆን።”

“እሺ እቱ።”

ቧንቧው ተመለሰ፣ ውሃው ተሞላ፣ ድንጋዮቹን እሱ አነሳ። ሞተሩ ተነሣ። የተጣራ፣ ምቱ በሰዓቱ የሚደርስ ድምፅ ነበር፤ መካኒኩ በሌላ ቀን ቢሆን ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማው ነበር። ሽማግሌው ዳገቱን ያዘው። ከኋላቸው በመስታወቱ ውስጥ የሚታየው መንገድ ጭስ የለበትም፣ ጥርት ያለ ነው። አንድ መታጠፊያ ሲያልፉ፣

“ለእማዬ አንተ ትነግራታለህ” አለችው።

ሰልፉ ቁልቁለቱን ከመጀመሩ በፊት ምሳ ለመብላትና ፍሬን ለመፈተሽ ተራራው ጫፍ ላይ ረዘም ላለ ሰዓት ይቆማል። ሽማግሌው ብቅ ሲል ሹፌሮቹ ገና መኪናቸው ሥር ናቸው። ጋሽ ጡሩምባ ከሁሉ ቀድሞ አያቸውና ጋቢናው ውስጥ እጁን ሰዶ ጡሩምባውን አስጮኸው።

“ጭሴ! ጭሱን የት ጣልሽው?”

ሁሉም መልሱን ጠበቁ፤ መልስ አጥታ አታውቅም። እሷ ግን እጇን ብቻ አነሳችላቸው። ሞተሩን አጠፋች። ጎንበስ ብላ ጫማዎቿን ከወለሉ አነሳች፣ አንዱን አደረገች፣ ማሰሪያውን አጥብቃ አሰረች፣ ሌላውን አደረገች። ከዚያ ሁለቱንም እግሮቿን መርገጫዎቹ አጠገብ አሳርፋ ተመለከተቻቸው።

“እግሬ አልነበረም” አለች።

የተናገረችው ለእሱ አልነበረም። መካኒኩ የመሣሪያ ሳጥኑን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ መውረድ እንዳለበት ወይም መቆየት እንዳለበት ሳያውቅ፣ በሩን በእጁ እንደያዘ ተቀመጠ።